ለተራራው ቤት በጀት ለምትጠይቀው ልጄ

ልጄ፣

ባለፈው ሳምንት ደውለሽ ከቱሉ ወለል ግርጌ የጎብኚዎች ማዕከል እንዲሠራ የፕሮጀክት ሐሳብ እያዘጋጀሽ መሆኑን ስትነግሪኝ ደስ አለኝ። በቄለም ወለጋ ምድር፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ብድግ ያለውን ያን ተራራ ሰው መጥቶ እንዲያየው የምትመኚው አንቺ ብቻ አይደለሽም፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ስመኝ ኖሬያለሁ። ነገር ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት በፕላንና በገንዘብ ቢሮዎች ውስጥ እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን በማንበብ ነው። በጀት ተፈቅዶለት የተበላሸ ሥራ፣ በጀት ከተከለከለው ይበልጥ ሲጎዳ አይቻለሁ። በስልክ የነገርኩሽ ተበታትኖ እንዳይቀር ቁጥር እየሰጠሁ ጻፍኩልሽ። ቅደም ተከተሉ እንደመጣልኝ ነው።

፩. ለጊዜው «ማዕከል» የሚለውን ቃል ተዪው።

ከነቀምቴ ተነስቶ፣ ደዴሳን ተሻግሮ፣ በጊምቢ አልፎ ደምቢ ዶሎ የደረሰ ሰው ተራራው ግርጌ ሲቆም ምን ይቸግረዋል? ሽንት ቤት ይቸግረዋል፤ የሚጠጣ ውሃ፣ ድንገት ለሚመጣው ዝናብ መጠለያ፣ መንገዱን የሚመራው ሰው ይቸግረዋል። ቁልቁል ሲያይ የሚታየው ሸለቆ ምን እንደሚባል፣ ጎሽ ያለበት የዳቲ ወለል ፓርክ በየት በኩል እንደሆነ የሚነግረው ይፈልጋል። እነዚህን በአንድ ገጽ ጻፊያቸው። ቤቱ ከዚያ ገጽ ይወለድ። እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ ሰነዶች የሚጀምሩት በኮምፒዩተር ከተሣለ ባለመስታወት ሕንፃ ነው፤ ሥዕሉ ካማረ በኋላ ለእንግዳው ምን እንደሚያስፈልገው የሚጠይቅ አይኖርም።

፪. አዲስ ከመጠየቅሽ በፊት በእጃችን ያለውን ዞረሽ እዪ።

ነቀምቴ የወለጋ ሙዚየም አለን። ሰኔ 1928 ዓ.ም የጥቁር አንበሳ አርበኞች ወለጋ ውስጥ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች በሌሊት ከበው አቃጥለው፣ ጄኔራል ማሊዮኮንና አብረውት ከነበሩት ብዙዎቹን ገደሉ። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች ገና ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ከዚያ ዘመን የተረፈው የአውሮፕላን ብረት ሙዚየሙ ዘንድ ነው። አንድ ጊዜ ተማሪዎችን ይዤ ሄጄ፣ አንዲት ልጅ እጇን ዘርግታ ብረቱን በጣቷ ጫፍ ስትነካው አየኋት፤ ከዚያ «እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ። ከመጽሐፉ ሁሉ ያ ብረት በልጦ አሳመናት።

የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥትም አለ። የሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች፣ ሞሮዳ በከሬና ኋላ ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ልጃቸው ኩምሳ፣ የኖሩበትና የዳኙበት ግቢ ነው። የእንጨት ሥራውን ምስጥና ዝናብ በየዓመቱ ይፈትኑታል። ለወለጋ ዝናብ ደግሞ የአንድ ክረምት ቸልታ ይበቃዋል። እንግዳው ወደ ተራራሽ ሲያልፍ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው የተራራው በር ነቀምቴ ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንድ ክፍል፣ አንድ ካርታ፣ አንድ አስረጂ። ይህን ሐሳብ በሰነድሽ ውስጥ አስገቢው። አዲሱን የሚጠይቅ ሰው አሮጌውን እንደማይጥል ሲታይ በጀት ሰሚዎች ፊት ይታመናል።

፫. ካፒታል በጀቱን ከመጠየቅሽ በፊት መደበኛውን ጠይቂ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዢ ከሆነ ይህን ያዢ።

ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ወረዳ ኮረብታ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ተሠራ። ግንቡ ጥሩ ድንጋይ ነበር፤ በረንዳው ላይ ቆመሽ ሦስት ወንዝ ይታይሻል። የግምገማ አስተያየቱን ጽፌ ይጽደቅ ያልኩት እኔ ነኝ። ወጪውን አስልቻለሁ፣ የኮንትራክተሩን ዋጋ ከመሐንዲስ ግምት ጋር አነጻጽሬያለሁ፣ ድምሩን ሁለት ጊዜ አረጋግጫለሁ። ቤቱን ማን ይጠርገዋል ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ከተመረቀ በሁለተኛው ዓመት ለሌላ ሥራ ስሄድ ጎራ አልኩ። ቁልፉን አንዱ «እከሌ ጋ ነው» አለኝ፣ እከሌ «ለጽሕፈት ቤቱ አስረክቤያለሁ» አለ፣ ጽሕፈት ቤቱ «የተረከብነው ነገር የለም» አለ። ከሰዓት በኋላ ቁልፉ ሲገኝ ገባን። የጣሪያው አሸንዳ ተሰብሮ ውሃው በግድግዳው ወርዶ ኮርኒሱ አብጧል። የእንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ የማዳበሪያ ጆንያ እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድሮ ነበር። በዚያ ቤት አንድ እንግዳ አላደረበትም። ያ ጥፋት የእኔም ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ ይቆረቁረኛል።

ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። በእኛ አሠራር የግንባታ ገንዘብ ከካፒታል በጀት ይወጣል፤ የዘበኛው፣ የጽዳቷ፣ የአስጎብኚው ደመወዝና የጥገናው ወጪ ግን ከመደበኛ በጀት ነው። ካፒታሉን ክልል ወይም ፌዴራል ይሰጥሻል፤ መደበኛው ከወረዳው ኪስ ይወጣል። የወረዳው ጥቅል በጀት ደግሞ አብዛኛው ለመምህራን፣ ለጤናና ለግብርና ሠራተኞች ደመወዝ አልቆ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ሰጪው ለሪባን ይመጣል፣ ሸክሙ ለወረዳው ይቀራል። የሥራ መደብ ደግሞ እንዲሁ አይገኝም፤ በመዋቅር ካልጸደቀ ሰው አይቀጠርም።

አንቺ ይህን አድርጊ። ማዕከሉ በዓመት ምን ያህል እንደሚያስወጣ፣ ከአምፖል እስከ ሽንት ቤት ማጽጃ ድረስ ዘርዝረሽ አስልተሽ፣ የወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት «ይህን በየዓመቱ እይዛለሁ» የሚል ደብዳቤ በማኅተም እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ካልሰጠሽ ቤቱን አሳንሺው። እንደገና ጠይቂ። እሺ እስኪሉሽ ድረስ አሳንሺ። ደብዳቤው ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ ደብዳቤ ከሌለው አዳራሽ ይሻላል።

በላሊበላ የሆነውንም አስቢ። አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከላከል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት ትልልቅ ጣሪያዎች በ2000 ዓ.ም ገደማ ሲቆሙ ለጊዜው የተባሉ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም መጀመሪያ የከተማው ሰው ጣሪያዎቹ በቅርሱ ላይ አደጋ ሆነዋልና ይነሱልን ብሎ አደባባይ ወጣ። ቅርስን ለማዳን የቆመ ነገር እንኳ ማንሻውና መጠገኛው አብሮ ካልታሰበ እንዲህ ይሆናል።

፬. የበጀት ዓመቱንና የወለጋን ዝናብ አስታርቂ።

በጀት ሐምሌ 1 ይከፈታል። የክልሉ ምክር ቤት ጨፌው አጽድቆ፣ ተደልድሎ፣ ወደ ወረዳ ወርዶ፣ የጨረታ ሰነድ ተዘጋጅቶ፣ ማስታወቂያ ወጥቶ፣ ተጫራቾች ተገምግመው ውል እስኪፈረም ድረስ ኅዳር ታኅሣሥ ይደርሳል። ሳይት ርክክብ ተደርጎ ኮንትራክተሩ ዕቃ ሲያስገባ ጥር ነው። በግንቦት የእኛ ዝናብ ይጀምራል፤ የተራራው መንገድ ጭቃ ሲሆን ሲሚንቶ የጫነ ኤፍ ኤስ አር መኪና አይወጣም። ሰኔ 30 ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። እንግዲህ የቀረሽ አራት ወር ነው። በአራት ወር የሚያልቅ ሥራ ጠይቂ፣ ወይም ከመጀመሪያው የሁለት ዓመት ፕሮጀክት ነው ብለሽ በግልጽ ጻፊ። «በአንድ ዓመት ይጠናቀቃል» ብለሽ ግን አትፈርሚ።

ዋጋውንም አድሺው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት የተሠራ የሥራ ዝርዝርና የዋጋ ግምት እጅሽ ላይ ካለ ለማጣቀሻ እንጂ ለጥያቄ አይሆንም። ብረቱ፣ ኬብሉ፣ የሶላር ዕቃው አብዛኛው ከውጭ ነው።

፭. ቤቱ ከተራራው ራቅ ይበል።

እንግሊዞች ስቶንሄንጅ የሚሉት የጥንት የድንጋይ ክበብ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 አዲሱን የጎብኚዎች ማዕከል ሲከፍቱ ከድንጋዮቹ 2 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል አርቀው ነው የሠሩት፤ እንግዳው ከዚያ በአነስተኛ ተሽከርካሪ ወይም በእግሩ ይሄዳል። አሮጌውን ማረፊያና አጠገቡ ያልፍ የነበረውን አውራ ጎዳና አንስተው ሣር መለሱበት። ከገንዘቡ በኩልም ትምህርት አለው። መንግሥታቸው ቃል የገባውን 10 ሚሊዮን ፓውንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ሰረዘባቸው። ሥራው ግን አልቆመም፤ ከሎተሪ ገቢ የሚመነጨው የቅርስ ፈንድ፣ ለጋሾችና ከጎብኚው የሚሰበሰበው ገቢ ክፍተቱን ሞሉት። በአንድ ምንጭ ላይ ብቻ ስላልተንጠለጠለ ተረፈ።

የእኛ ተራራ ደግሞ ድንጋይና ደን ብቻ አይደለም። በኦሮሞ ዘንድ ተራራ የጸሎት ቦታ ነው፤ በበልግ መግቢያ በከፍታ ላይ የሚከበረውን ኢሬቻ ቱሉ ታውቂዋለሽ። ቦታ ከመምረጥሽ በፊት ሽማግሌዎቹን በየትኛው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ በየትኛው ምንጭ ላይ ይመርቃሉ፣ እንግዳ እግሩን የማያሳርፍበት የትኛው ነው ብለሽ ጠይቂ። በአንድ ቀን አይነግሩሽም። ቡናቸውን ጠጪ፣ ደግመሽ ሂጂ።

፮. ወንጪ ሂጂና ሁለት ቀን ቆዪ።

ከሁሉ የሚቀርብልሽ ምሳሌ ይህ ነው። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ስትሄጂ አምቦ ላይ ወደ ደቡብ ትታጠፊያለሽ። አፋፉ ላይ ስትደርሺ የእሳተ ገሞራው ጉድጓድ፣ ሐይቁ፣ የቂርቆስ ገዳም ያለባት ደሴት፣ ቁልቁለቱን የሸፈነው እንሰት በአንድ ዓይን ይገባልሻል።

መንግሥት እጁን ከመዘርጋቱ በፊት እዚያ የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው ፈረስ ያከራዩ፣ በጀልባ ያሻግሩ፣ እንግዳ ይመሩ ነበር። እኔ የሄድኩት ያኔ ነው። ስማችንን የመዘገበው ሰው ደብተሩን ገልጦ ተራው የማን እንደሆነ አየና ስም ጠራ፤ አንድ ጎረምሳ ፈረሱን እየሳበ መጣ። በመንገድ ላይ ስንት ልጆች እንዳሉት ስጠይቀው «ሦስት፣ ፈረሱን ሳይጨምር» አለኝና የፈረሱን አንገት ዳሰሰ። ያ ፈረስ የቤቱ ደመወዝ ነበር።

በ2012 ዓ.ም መጨረሻ «ገበታ ለሀገር» የተባለው የገቢ ማሰባሰቢያ ሲታወጅ ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠች። በ2014 ዓ.ም የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አላት። በ2016 ዓ.ም የማረፊያ መንደሩ ተመረቀ። ትልቅ ሥራ ነው፤ መንገዱን ያየ ሰው አይክደውም። አንቺ ግን ስትሄጂ ከሕንፃው በፊት ደብተሩን ፈልጊ። ተራ የሚያሲዘው ሰው አሁን የት ነው? መኪና አፋፉ ድረስ ሲደርስ ፈረሰኛው ምን ይሠራል? እንጀራው፣ ማሩ፣ እንቁላሉ ከመንደሩ ይገዛል ወይስ ከከተማ ተጭኖ ይመጣል? ሴቶቹ ምን አገኙ? መልሱ ጥሩም ይሁን መጥፎ ጻፊው፤ የሰነድሽ ምርጡ ምዕራፍ እሱ ይሆናል።

ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ሕዝብ በሚነካው የልማት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ መጠየቅ መብቱ ነው ይላል። መሬት የሚነሳበት ገበሬ ካለ ደግሞ የካሣ አዋጁን፣ ቁጥር 1161/2011ን፣ ራስሽ አንብቢው፤ ሌላ ሰው ሲያወራልሽ አትስሚ። ስብሰባ ጠርቶ ማጨብጨብ ምክክር አይደለም። ቃለ ጉባኤው ላይ «አይሆንም» ያለ ሰው ስም ከሌለ ሰዉ አልተጠየቀም ማለት ነው፤ እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው ያንን መስመር ነበር።

፯. ገንዘቡ ከማን እንደሚመጣ ልዩነቱን እወቂ።

«ገበታ ለሸገር» የተባለው የገቢ ማሰባሰቢያ በ2011 ዓ.ም ሲዘጋጅ የአንድ ሰው እራት 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ «ገበታ ለሀገር» ላይ እስከ 10 ሚሊዮን ደረሰ። ባለሀብት ለአገሩ ይህን ያህል ሲያወጣ ያስመሰግነዋል። ነገር ግን እራት የሚበላው አንድ ጊዜ ነው፤ ጣሪያ የሚያፈሰው በየክረምቱ ነው። ልገሳ ለመጀመሪያ ያግዛል። የሕዝብ በጀት ግን ምክር ቤት ያጸደቀው፣ ዋና ኦዲተር የሚመረምረው፣ ቡናዋን ሸጣ ግብር የከፈለች ሴት «የት ደረሰ?» ብላ ልትጠይቅበት የምትችለው ነው። እኔ ስለዚህ ነው ዋናው ገንዘብ ከበጀት ይምጣ፣ ልገሳው ይጨመርበት የምልሽ።

የመግቢያ ገቢውንም ነገር ከወዲሁ ቁረጪ። በደንብ ካልተፈቀደ በቀር የምትሰበስቢው ብር ወደ ግምጃ ቤት ገብቶ ለማዕከሉ ተመልሶ አይመጣም። አንድ ድርሻ ለጥገና፣ አንድ ድርሻ ለቀበሌው እንዲቀር የሚፈቅድ ደንብ ካለ ጥቀሺ፤ ከሌለ እንዲወጣ ከሕንፃው ጋር አብረሽ ጠይቂ። አሜሪካኖች ኮሎራዶ ውስጥ ከ4,300 ሜትር በላይ ባለው ፓይክስ ፒክ ጫፍ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 አዲስ ማዕከል ከፍተዋል፤ ወጪው ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ከዚያ ወጪ ብዙው ወደ ተራራው ከሚወጣው ጎብኚ በሚሰበሰብ ክፍያ የሚሸፈን ነው። እኛ የዚያን መቶኛ አንሠራም፤ የበሩ ገንዘብ ለበሩ የሚለው አሠራር ግን ለእኛም ይሆናል።

፰. ስለ ጎብኚ ቁጥር አትዋሺ።

በሰነዶች ውስጥ «በዓመት ይህን ያህል ሺህ የውጭ ጎብኚ ይጠበቃል» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳይ ልቤ ይደማል። ወለጋ ባለፉት ዓመታት ምን እንዳለፈ አንቺም እኔም እናውቃለን። የተዘጋ መንገድ፣ የተቋረጠ ስልክ፣ ያልተመለሰ ሰው። ሰላም በሌለበት እንግዳ አይመጣም፤ ይህንን በሰነድሽ ውስጥ ሳትፈሪ ጻፊ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶችሽ ፈረንጆች አይደሉም። የደምቢ ዶሎና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የየከተማው ትምህርት ቤቶች፣ ለሠርግና ለለቅሶ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶች፣ አገራቸውን ለልጆቻቸው ሊያሳዩ ከውጭ የሚመለሱ የእኛው ሰዎች ናቸው። ለእነርሱ የሚሆን ዋጋ፣ ለእነርሱ የሚሆን ምግብ፣ ለተማሪ በአንድ አውቶቡስ ልክ የሚሆን መጠለያ አስቢ።

፱. ግድግዳው ላይ የሚጻፈውን ለኮንትራክተር አትተዪ።

ጽሑፉ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሁን፤ አፋን ኦሮሞው ግን ከሌላ የተተረጎመ አይሁን። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን፣ አስቴር ጋኖም የሕዝቡን ተረትና ምሳሌ በዚህ ቋንቋ በጽሑፍ አኑረውልናል፤ የኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሟል፣ እሱም ያረፈው ነቀምቴ ነው። እነዚህ ሰዎች በኖሩበት አገር በግድፈት የተሞላ ሰሌዳ መስቀል ነውር ነው። የዛፎቹን ስም ከእረኞቹ ሰብስቢ።

፲. የመሠረት ድንጋዩን አታስቸኩዪ።

አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራውም፣ ከስንት ዓመት በፊት የተጣለ የመሠረት ድንጋይ አለ። እብነ በረዱ ላይ የነበረው ወርቃማ ቀለም ታጥቦ የባለሥልጣኑ ስም ግማሹ ብቻ ይነበባል። ዙሪያው በቆሎ ተዘርቷል። ባለፈው ሳልፍ አንድ ልጅ በእብነ በረዱ ጠርዝ ላይ ቢላዋውን እየሳለ ነበር፤ ጠርዙ ተበልቶ ጎድጉዷል። እዚህ ምን ሊሠራ ነበር ብዬ ስጠይቀው ለረጅም ጊዜ አሰበና «ድንጋይ» አለኝ። የእናንተ አለቆች ድንጋዩን ቶሎ እንጣል ብለው ቢወተውቱሽ የዓመታዊው ወጪ ደብዳቤ፣ የገበሬዎቹ ቃለ ጉባኤና የታደሰው ዋጋ በእጅሽ እስኪገቡ ድረስ በትሕትና ለምኚያቸው። ይቆጡ ይሆናል። ቁጣው ያልፋል።

ረቂቁን የሚቀጥለው ዓመት የበጀት ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ላኪልኝ። ዓይኔ ደክሟልና ፊደሉን ከፍ አድርጊው። የዓመታዊውን ወጪ ገጽ ከሁሉ በላይ አድርጊው፤ መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው።